ጊዜዋ፤ ከአጥር ጥግ እስከ መማሪያ ክፍል

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባላል። ይሄ አባባል ለአገራችን መድኃኒትነት ላላቸው ዕፅዋት የተነገረ ይመስላል። ሕንዶች አሽዋጋንዳ እያሉ ከጥንት ጀምሮ የሚገለገሉበት፣ ዛሬ በዱቄትና በእንክብል እየታሸገ በብዙ አገር የሚሸጠው ተክል እኛ ዘንድ በመንገድ ዳርና በአጥር ጥግ ይበቅላል። ስሙም ጊዜዋ ነው። በአንዳንድ አካባቢ ግዛዋ ይሉታል፤ በትግርኛ ደግሞ አጎል ይባላል።

ይህን ትምህርት ለግድግዳ ጋዜጣችን ያቀረብኩት መድኃኒት ለማዘዝ አይደለም፤ እሱ የሐኪም ሥራ ነው። የእኛ የእጩ መምህራን ጉዳይ ሌላ ነው። ነገ ተመርቀን ወደየወረዳው ስንሄድ፣ ጊዜዋ በሚታጠንበት ቤት ያደገ ልጅ ከፊታችን ይቀመጣል። ያ ልጅ «መምህር፣ ጊዜዋ ቡዳ ያስለቅቃል ወይ?» ብሎ ቢጠይቀን ምን እንመልሳለን? «ተወኝ፣ የኋላ ቀር ወሬ ነው» ብንለው ልጁ ዳግመኛ አይጠይቀንም፤ እናቱም ከዚያ ወዲያ አትሰማንም። «አዎ፣ ያድናል» ብንለው ደግሞ ባላረጋገጥነው ነገር መሰከርን ማለት ነው። መውጫው አራት ጥያቄዎችን ሳያደባልቁ ለየብቻ መያዝ ነው። እነሱም፦ ተክሉ ምንድን ነው? ሕዝቡ ስለ እሱ ምን ይላል? ተመርምሮ የተገኘው ምንድን ነው? ጉዳቱስ? የሚሉት ናቸው። እስቲ ተራ በተራ እንያቸው።

ሀ. ተክሉ ምንድን ነው?

ጊዜዋ ቁጥቋጦ ነው። ቁመቱ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ይደርሳል። ግንዱና ቅጠሉ ነጣ ባለ ስስ ጸጉር ስለሚሸፈን ከሩቅ ሲያዩት አመድማ ይመስላል። አበባው ትንሽ ሆኖ ወደ አረንጓዴ ያደላ ቢጫ ነው። ዋናው መለያው ግን ፍሬው ነው። ፍሬው አተር የሚያህል ክብ ሲሆን ሲበስል ይቀላል፤ ዙሪያውንም እንደ ስስ ወረቀት ያለ ከረጢት ይሸፍነዋል።

በዕፅዋት አመዳደብ የጊዜዋ ዘመዶች ድንች፣ ቲማቲም፣ በርበሬና ትምባሆ ናቸው። ሰው አእምሮውን ስቶ እንዲቀባዥር የሚያደርገው አስተናግርም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ምግብም መርዝም ይወልዳል ማለት ነው፤ በዘመድ ብቻ ተክልን ማመን አይቻልም።

ሳይንሳዊ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፌራ ይባላል። ሶምኒፌራ የሚለውን ቃል የሰጠው ስዊድናዊው ሊኔየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ሲሆን ትርጉሙ በላቲን «እንቅልፍ አምጪ» ማለት ነው። የሕንዱ ስም አሽዋጋንዳ ደግሞ በሳንስክሪት «የፈረስ ሽታ» ማለት ሲሆን ይህንንም ስም ያገኘው ከሥሩ ሽታ የተነሳ ነው።

ታዲያ ሳይንሳዊ ስም ለምን አስፈለገ? ቢባል፣ የአገር ስም ከቦታ ቦታ ስለሚለዋወጥ ነው። አንዱ ቀበሌ በአንድ ስም የሚጠራውን ተክል ሌላው ቀበሌ ለሌላ ተክል ሊሰጠው ይችላል። በመድኃኒት ነገር እንዲህ ያለው ስህተት ሰው ይገድላል። እ.ኤ.አ. በ1959 የተመሠረተውና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ ሐርቤሪየም ተክሎችን አድርቆ በየስማቸው የሚያስቀምጠው ስለዚህ ነው።

ለ. ሕዝቡ ምን ይላል?

በእኛ አገር የጊዜዋ ሥርና ቅጠል በብዛት የሚታወቀው በጭሱ ነው። ቡዳ በልቶታል ወይም ዓይነ ጥላ አለበት የተባለ ሰው እንዲታጠነው ይደረጋል። ሥሩን በጨርቅ ቋጥሮ ልጅ አንገት ላይ ማሰርም አለ። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚጠቀሙበትም አሉ።

ይህ እውቀት ያለው በደብተራዎች፣ በመድኃኒት አዋቂዎችና በባልቴቶች ዘንድ ነው። ከፊሉ በብራና ተጽፎ ይገኛል፤ ስትሬልሲን የተባለው ፖላንዳዊ ምሁር እንዲህ ያሉትን ጽሑፎች መርምሮ ስለ ኢትዮጵያ መድኃኒትና ዕፅዋት እ.ኤ.አ. በ1968 እና በ1973 ሁለት ቅጽ አሳትሟል። አብዛኛው ግን በምስጢር ተይዞ ከአባት ወደ አንድ ልጅ ብቻ ይተላለፋል። ልጁ ከተማ ገብቶ ሌላ ሥራ ከያዘ ምስጢሩ ከአባትየው ጋር መቃብር ይወርዳል።

ሕንዶች ዘንድ ነገሩ ይለያል። አዩርቬዳ በሚባለው ባህላዊ ሕክምናቸው ሥሩን አድርቀው ይፈጩና በወተት፣ በቅቤ ወይም በማር ለውሰው ይወስዱታል። የሚወስዱትም ለድካም፣ ለሰውነት መክሳትና ለእንቅልፍ እጦት ነው። ልብ በሉ! ተክሉ አንድ ነው፤ እዚያ ይበላል፣ ይጠጣል፤ እዚህ ይታጠናል። ስለዚህ «ሕንዶች አረጋግጠውታል» ማለት ለእኛው ጭስ ማስረጃ አይሆንም።

ሐ. ተመርምሮ የተገኘው ምንድን ነው?

በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በእስራኤል የሚሠሩ ኬሚስቶች ከጊዜዋ ውስጥ ዊታፌሪን የሚባል ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ከዚያ ወዲህ ዊታኖላይድ ተብለው የሚጠሩ ብዙ ተመሳሳይ ንጥረ ነገሮች ተገኝተዋል። ነገር ግን ዓይነታቸውና መጠናቸው በቅጠሉና በሥሩ አንድ አይደለም፤ ተክሉ በበቀለበት አገርም ይለያያል። የሕንዱ ሥር ስለተመረመረ የእኛ አጥር ጥግ ያለው ቅጠል ተመረመረ ማለት አይደለም።

በሰዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ከሥሩ የተጨመቀው መድኃኒት ጭንቀትን በመጠኑ እንደሚቀንስና እንቅልፍን እንደሚያሻሽል አሳይተዋል። ሆኖም ከጥናቶቹ ብዙዎቹ የሳምንታት ወይም የጥቂት ወራት ናቸው፤ የተሳተፈውም ሰው ጥቂት ነው። ቡዳን በተመለከተ ግን ቡዳን የሚለካ መሣሪያ ስለሌለ የተለካ ነገር የለም።

«ታዲያ ልጁ ታጥኖ ሲነሳ በዓይናችን አይተናል!» የሚል ይኖራል። ያየው እውነት ነው፤ አተረጓጎሙ ግን መመርመር አለበት። የሚጥል በሽታ የጣለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መንዘፍዘፉን ራሱ ያቆማል። በዚያች ደቂቃ ጊዜዋ ቢያጨሱለት ጊዜዋ አዳነው ይባላል፤ ክብሪት ቢለኩሱለት ክብሪት አዳነው ይባላል። ማወቅ የምንችለው ምንም ሳይደረግለት የተነሳውንም አብረን ስንቆጥር ነው። ይህን ለተማሪ ማስረዳት ከቻልን ሳይንስ አስተማርን ማለት ነው።

ይህ ሲባል የሕዝብ እውቀት ከንቱ ነው ማለት እንዳይደለ እንዶድ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። አይተው ዝም አላሉም፤ ጠየቁ፣ በቤተ ሙከራ ሞከሩ፣ እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል አረጋገጡ። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀበሉ። መነሻው የልብስ አጣቢዎቹ እውቀት ነበር፤ መድረሻው ግን ፈተና ነው።

መ. ጉዳቱስ?

«ቅጠል ምን ይጎዳል?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ከአሽዋጋንዳ እንክብል ጋር በተያያዘ ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሐኪሞች ተመዝግበዋል። እርጉዝ ሴት እንዳትወስደው ይመከራል። የእንቅርት ዕጢ ሕመም ያለባቸውም መጠንቀቅ አለባቸው። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በምግብ ማሟያነት እንዳይሸጥ ከልክላለች። ከእኛው አገር ኮሶን ብናነሳ፣ ለትል ስንት ዘመን ያገለገለው መድኃኒት ከልክ በላይ ሲወሰድ የዓይን ብርሃን እንዳጠፋ ተመዝግቧል። ትልቁ ጥያቄ መጠን ነው፤ በቤት ውስጥ በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት ደግሞ መጠኑ አይታወቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን ከተክሉ ሳይሆን ከመዘግየቱ የሚመጣው ጉዳት ነው። ትኩሳት ይዞት የሚንዘፈዘፍ ሕፃን ወባ ወይም ማጅራት ገትር ይዞት ሊሆን ይችላል። ቤት ውስጥ ሲታጠን የሚያልፈው ሰዓት የሕይወቱ ሰዓት ነው። መምህር ይህን ቢያይ ልጁን በጎኑ ያስተኛው፣ አፉ ውስጥ ምንም አይክተት፣ አፍንጫው ሥር ጭስ አያቅርብ፣ ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰደው። እናትየዋን ግን አይዝለፋት፤ ልጇን ለማዳን ያላትን ሁሉ እያደረገች ነው።

ሠ. ክፍል ውስጥ እንዴት እናቅርበው?

መርጃ መሣሪያው ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የጊዜዋ ቅርንጫፍ በአሮጌ ጋዜጣ መሃል ተጭኖ ይደርቃል፤ ስሙ፣ የተገኘበት ቦታና ቀኑ ይጻፍበታል። አበባው ከቲማቲምና ከድንች አበባ ጋር ይነጻጸራል። ተማሪዎቹ ደብተራቸው ላይ አራት ዓምድ አስምረው ከላይ ያነሳናቸውን አራት ጥያቄዎች ይጽፋሉ፤ ሁለተኛውን ዓምድ ቤታቸው ሄደው አያቶቻቸውን ጠይቀው ይሞላሉ። ማንም አይቀምስም፤ ከነካ በኋላም እጅ ይታጠባል።

እኛ ጉለሌ ያለን ደግሞ ዕድለኞች ነን። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት፣ ከ700 ሔክታር በላይ ስፋት ያለው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ያለው እዚሁ ነው። ቀድሞ ፓስተር ይባል የነበረውና በኋላ ለብዙ ዓመት የባህል መድኃኒት ሲያጠና የቆየው የጤና ምርምር ተቋምም ጎረቤታችን ነው። ተመርቀን ከመበተናችን በፊት ማዕከሉን በቡድን ብንጎበኝ ጥሩ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው «ጊዜዋ ታጥኜ ዳንኩ» ቢላችሁ፣ ከመቀበላችሁ ወይም ከመንቀፋችሁ በፊት ምን ምን ትጠይቁታላችሁ?

2. በሰፈራችሁ ዳማከሴና ጤና አዳም ለምን ለምን ሕመም ይሰጣሉ? አራቱን ዓምዶች ለሁለቱ ሙሉ። ባዶ የሚቀረው ዓምድ የትኛው ነው? ለምን?

3. እውቀቱን ለልጁ እንኳ ያልነገረ መድኃኒት አዋቂ አጋጠማችሁ እንበል። እንዲነግራችሁ ለመጠየቅ፣ የነገራችሁንም በእሱ ስም ለመጠበቅ ምን ታደርጋላችሁ?