ድልድይ ፎቶ አነሱ ተብሎ ስልክ መቀማት፤ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ወላይታ ሶዶ ነው። ሰሞኑን ከከተማው ወጣ ብዬ አንድ ድልድይ በስልኬ ሳነሳ ጥበቃው «ክልክል ነው» ብሎ ስልኬን ቀማኝ። ፎቶውን አስጠፋኝ፤ ሌሎች ምስሎቼንም እያገላበጠ አየ። በአካባቢው የክልከላ ምልክት አልነበረም። ጥፋቴ ምንድን ነው?

መልስ፦ «ክልክል ነው» ሲልዎት ማቆም ተገቢ ነው። ስልክዎን ቀምቶ መፈተሹና ማስጠፋቱ ግን የጥበቃ ሥልጣን አይደለም። ሁለቱን ለያይተን እንያቸው።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 2 መሠረት ሕግ ያልከለከለው ድርጊት አያስቀጣም። በዚህ ሕግ ድልድይ ፎቶ ማንሳትን ለብቻው ወንጀል ያደረገ አንቀጽ የለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ደግሞ መረጃ የመሰብሰብና የማሰራጨት ነጻነትን ያረጋግጣል፤ ገደብ ሊጣልበት የሚችለውም በሕግ ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ስለላ» የሚለው ክስ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 252 ተደንግጓል። ያም ቢሆን አገርን የሚጎዳ ሐሳብ መኖሩ መረጋገጥ አለበት፤ ለማስታወሻ የተነሳ ፎቶ ብቻውን ሰላይ አያሰኝም።

ጥበቃዎች ለምን ይሰጋሉ ቢሉ፣ ነገሩ የቆየ ልማድ ነው። በባሕር ዳሩ አሮጌ የዓባይ ድልድይም ሆነ በዓባይ በረሃው ካሜራ ያወጣ መንገደኛ ለብዙ ዓመታት ሲገሠጽ ኖሯል። ስጋቱም መሠረተ ቢስ አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት የተከዜ ድልድይ ሲፈርስ የእርዳታ መኪኖች መንገድ ተዘግቷል። በወላይታ ዙሪያም ብርቱ ጥበቃ የሚሹ ተቋማት አሉ። በኦሞ ወንዝ ላይ 243 ሜትር ከፍታ ያለውና 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ይገኛል። ወደ ኬንያ የሚዘረጋው 1,045 ኪሎ ሜትር ያህል የኤሌክትሪክ መስመርም የሚነሳው ከሶዶ ነው።

ስለዚህ ቦታውን ይለዩ። ከአደባባይና ከመንገድ ላይ ሆነው የሚታየውን ሕንጻ፣ ሐውልት ወይም የዳሞታን ተራራ ማንሳት መብትዎ ነው። ግድብ፣ የኃይል ጣቢያና የመሳሰሉት ግቢዎች የራሳቸው የመግቢያ ደንብ ስላላቸው አስቀድመው በደብዳቤ ፈቃድ ይጠይቁ። ወታደራዊ ካምፕ ላይ ካሜራ አያውጡ። ድሮንም ከስልክ ጋር አይታይም፤ ለማብረር ከሚመለከታቸው የደህንነትና የአቪዬሽን አካላት ፈቃድ ያስፈልጋል።

ፎቶው ውስጥ ሰው ካለስ? የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትንና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ግን በአደባባይ የተፈጸመን ድርጊትና ሥነ ሥርዓት ለይቶ ያስቀራል። የጊፋታ በዓልን ጭፈራ ከነሕዝቡ ማንሳት ይቻላል፤ ከመሐሉ የአንዷን ልጅ ፊት ነጥሎ ለማስታወቂያ መጠቀም ግን ፈቃዷን ይጠይቃል።

ወደ ስልክዎ እንመለስ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ያለ አግባብ ከመፈተሽና ንብረትን ከመያዝ ይጠብቅዎታል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም አይደፈርም። መርሁ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው፤ ያለ ትእዛዝ መበርበር የሚቻልበትን ጠባብ ሁኔታ ሕግ ወስኖታል፣ የተሰጠውም ለፖሊስ ነው። የጥበቃ ሠራተኛ እንደማንኛውም ሰው እጅ ከፍንጅ የተገኘ ወንጀለኛን ይዞ ሳይዘገይ ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል። ምስል ማገላበጥና ማስጠፋት ግን በዚህ ውስጥ የለም። በእርግጥ ወንጀል ነበር ከተባለም ፎቶው ማስረጃ ነው፤ ታዲያ ማስረጃ ለምን ይጠፋል?

ሌላ ጊዜ ቢገጥምዎት እንዲህ ያድርጉ። ካሜራውን ይዝጉ፣ ግብግብ አይግጠሙ። «በየትኛው ሕግ ነው? እባክዎ ፖሊስ ይጥሩልኝ» ይበሉ። ፖሊስ ስልኩን ከያዘ ስሙንና ማዕረጉን ይመዝግቡ፣ የተያዘበትን ደረሰኝ ይጠይቁ። የተሰረዘ ፎቶ በብዙ ስልኮች ለ30 ቀን ያህል በማጥፊያ ሳጥን ውስጥ ስለሚቆይ ለአቤቱታ ሊረዳዎት ይችላል።

ከታሰሩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት ምክንያቱ ወዲያው በሚረዱት ቋንቋ፣ ወላይታቶም ይሁን አማርኛ፣ ሊነገርዎት ይገባል። ዝም የማለት መብት አለዎት። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለብዎት። በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወቅት ግን አንዳንድ መብቶች ሊገደቡ ስለሚችሉ ጥንቃቄ ያድርጉ። መብትዎ ከተጣሰ ለፖሊስ አዛዡ፣ ለዞኑ ዐቃቤ ሕግ ወይም ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጽሑፍ ያመልክቱ። ያለ ሕግ ሰው ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ይጠየቃል።

ለከልካዮችም አንድ ቃል አለኝ፦ ክልከላው እውነት ከሆነ ሕጉን የሚጠቅስ ግልጽ ምልክት ይስቀሉ። ሶዶ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናትና የሚመጣው እንግዳ ብዙ ነው፤ ያልተጻፈ ክልከላ እንዲያውቅ ሊጠበቅበት አይገባም።