ቅዱስ በርናባስ፦ የሚያበረታ መሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ውድ ልጆች፥ ከእናንተ መካከል የክፍል አለቃ፥ የመዝሙር መሪ ወይም ታናናሾቹን ፊደል የሚያስቆጥር አለ? መሪ ማለት ፊት ቆሞ የሚያዝዝ ብቻ ይመስለን ይሆናል። ዛሬ የምንማረው ግን ሌሎችን በማበርታትና ሰውን ከሰው በማገናኘት ስለ መራ አባት ነው።

የዚህ አባት የቀድሞ ስሙ ዮሴፍ ነው። ከሌዊ ነገድ ሲሆን አገሩ የቆጵሮስ ደሴት ነበር። ሐዋርያት በርናባስ አሉት፤ ትርጓሜውም የመጽናናት ልጅ ማለት ነው (ሐዋ. 4፥36)። ይህ ስም እንዴት እንደ ተገባው በሦስት ነገር እንመልከት።

ሀ. የተፈራውን አቀረበ

ሳውል ክርስቲያኖችን ያሳድድ ነበር። ካመነ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም መጥቶ ከደቀ መዛሙርት ጋር ሊተባበር ቢፈልግ ሁሉም ፈሩት። ብዙዎችን አሳስሮ ነበርና መፍራታቸው አያስደንቅም። በርናባስ ግን ወደ ሐዋርያት ወሰደው፤ ጌታን በመንገድ እንዳየና በደማስቆ በድፍረት እንዳስተማረም ነገራቸው (ሐዋ. 9፥26-27)። ይህ ሳውል በኋላ ቅዱስ ጳውሎስ የተባለው ነው። ልብ በሉ፤ በርናባስ አስቀድሞ ታሪኩን ባያውቅ ኖሮ ሊመሰክርለት አይችልም ነበር። ሰውን ለማገናኘት መጀመሪያ ሰውየውን ማዳመጥ ያስፈልጋል።

ለ. ሥራውን ለብቻው አልያዘም

በአንጾኪያ ብዙ ሰዎች ባመኑ ጊዜ በርናባስ ወደዚያ ተላከ። ባየው ነገር ደስ አለው፤ በእምነታቸው እንዲጸኑም መከራቸው። ከዚያም እስከ ጠርሴስ ሄዶ ሳውልን ፈልጎ አመጣው። አንድ ዓመት ሙሉ አብረው አስተማሩ፤ ደቀ መዛሙርትም ለመጀመሪያ ጊዜ ክርስቲያን የተባሉት በዚያች ከተማ ነው (ሐዋ. 11፥22-26)።

ሐ. የተመለሰውን አልጣለም

ወጣቱ ማርቆስ አብሯቸው ለስብከት ወጥቶ ሳለ ከመንገድ ተለይቶ ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ (ሐዋ. 13፥13)። ዳግመኛ ሊሄዱ ሲነሡ ጳውሎስ እርሱን መውሰድ አልወደደም። መንገዱ አስጨናቂ ነበርና አሳቡ ያለ ምክንያት አልነበረም። በርናባስ ግን ማርቆስን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሄደ (ሐዋ. 15፥36-39)። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጳውሎስ ራሱ ማርቆስ ለአገልግሎት እንደሚጠቅመው ገልጾ ይዞት እንዲመጣ ለጢሞቴዎስ ጻፈለት (2ኛ ጢሞ. 4፥11)።

ማርቆስ ወንጌልን ጻፈ፤ በእስክንድርያም ሰበከ። በማርቆስ መንበር የተቀመጠው 20ኛው ፓትርያርክ ቅዱስ አትናቴዎስ በ4ኛው መቶ ዓመት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ለአገራችን ጳጳስ አድርጎ ሾመ። አያችሁ ልጆች? በርናባስ አንድ የተሰናከለ ወጣት ስላልጣለ በረከቱ ለእኛም ደረሰ።

እኛስ?

በመዝሙር ክፍላችሁ አንድ ልጅ የከበሮውን ምት ቢስትና ሁሉ ቢስቅበት፥ በሚቀጥለው እሑድ ላይመጣ ይችላል። የምትመሩ ከሆነ በቤቱ በኩል አልፋችሁ «ና እንሂድ፤ አብረን እንለማመዳለን» በሉት። ማበርታት ማለት ስሕተቱን መሸፈን አይደለም፤ ምቱን አርሙት፥ ነገር ግን በሰው ፊት አታሳፍሩት። አዲስ ልጅ ከኋላ ብቻውን ተቀምጦ ብታዩ ስሙን ጠይቁት፤ ከጓደኞቻችሁም ጋር አስተዋውቁት።

ጥያቄዎች

1. በርናባስ የሚለው ስም ትርጓሜው ምንድን ነው?
2. ደቀ መዛሙርት ሳውልን የፈሩት ለምንድን ነው?
3. ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ምክንያት ለምን ተለያዩ?
4. ከመካከላችሁ መምጣት ያቆመ ልጅ አለ? በዚህ ሳምንት ምን ታደርጉለታላችሁ?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።