አናቶሚን በራጅ ወይስ በአስክሬን?

ጥያቄ፦ የተከበሩ ዶክተር፣ በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ለሕክምና ተማሪዎች አናቶሚ አስተምራለሁ። ያለን አስክሬን ጥቂት ነው፤ ተማሪው ብዙ። አንድ ባልደረባዬ «ሲቲ ስካንና ኤምአርአይ ባለበት ዘመን በአስክሬን መድከም ለምን? በምስል ብቻ እናስተምር» ይላል። ሌሎች ደግሞ ራጅ ማንበብ የክሊኒክ ዓመታት ትምህርት ስለሆነ ጀማሪውን ያደናግረዋል ባይ ናቸው። እርስዎ ምን ይላሉ? ከየት ልጀምር?
መምህሩ፣ ከክልል

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ምስሉን ከመጀመሪያው ሳምንት ያስገቡት፤ አስክሬኑንም አይተዉት።

ከተማሪዎችዎ አብዛኞቹ ቀዶ ሐኪም አይሆኑም። ተመርቀው በሚመደቡበት የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ብዙውን ጊዜ ራዲዮሎጂስት የለም። ሌሊት የመኪና አደጋ የደረሰበት ሰው ሲመጣ የደረቱን ራጅ የሚያነበው ተረኛው ጠቅላላ ሐኪም ራሱ ነው። በቀረው የሥራ ዘመኑ የሰውን የውስጥ አካል በአብዛኛው የሚያየው በዚሁ መንገድ ነው። የተማረው አናቶሚ እዚያ ካልደረሰለት የት ሊደርስለት ነው?

በአጥንት ይጀምሩ። ተማሪው የክንድ አጥንት በእጁ ይዞ ሲያገላብጥ የዚያኑ አጥንት ራጅ አጠገቡ ይስቀሉለት። የሕፃን ክንድ ራጅም ይጨምሩበት፤ ገና ያልጠነከረው የአጥንት ማደጊያ ጥቁር መስመር ሆኖ ስለሚታይ ያልለመደ ዓይን ስብራት ይለዋል።

ከዚያ ወደ ደረት ይለፉ፤ ጊዜዎን እዚህ ላይ አይቆጥቡ። በራጅ አየር ጥቁር፣ ስብ ጠቆር ያለ ግራጫ፣ ሥጋና ፈሳሽ ነጣ ያለ ግራጫ፣ አጥንት ነጭ ነው። የአንድ አካል ጠርዝ የሚለየው አጠገቡ ያለው ነገር ሌላ ዓይነት ጥላ ሲኖረው ብቻ ነው። የልብ ጠርዝ ጥርት ብሎ የሚታየው አየር የሞላው ሳንባ ስላቀፈው ነው። የሳንባ ምች የቀኙን ሳንባ መካከለኛ ሎብ ሲሞላው የልብ ቀኝ ጠርዝ ይጠፋል። የታችኛውን ሎብ ሲሞላው ግን የልቡ ጠርዝ እንዳለ ሆኖ የዲያፍራሙ ጠርዝ ይደበዝዛል። መካከለኛው ሎብ ከፊት ሆኖ ቀኝ ኤትሪየምን ይጎራበታል፤ የታችኛው ወደ ኋላ ሆኖ ዲያፍራሙ ላይ ያርፋል። ይህን ምክንያት እርስዎ አይንገሩት፤ ተማሪው ራሱ ይድረስበት። ወዲያው ወደ አስክሬኑ ይውሰዱትና ሎቦቹን በእጁ ይዳስስ። ሲሸመድደው የኖረው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ይገባዋል።

በሲቲ ስካን ጀማሪውን የሚያስቸግረው አቅጣጫው ነው። ምስሉ የሚነበበው ተመልካቹ ከተኛው ሕመምተኛ እግር ሥር ቆሞ ወደ ራስጌው እንደሚያይ ሆኖ ነው፤ ስለዚህ ጉበት በምስሉ ግራ በኩል ይታያል። ምስሉን ከማሳየትዎ በፊት የአንዱን ደረጃ አግድም ቁራጭ፣ አኦርታውን፣ ቆሽቱን፣ ኩላሊቶቹን፣ በእርሳስ ያሥሏቸው። የተሳሳተ ሥዕል ሠርቶ ከምስሉ ጋር ያስተያየ ተማሪ አይረሳም። ለዚህ ሥራ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ያዘጋጀው የ«ቪዚብል ሂዩማን» ስብስብ በነፃ ይገኛል። የአንድ ወንድ አስክሬን በ1 ሚሊሜትር ልዩነት ተቆርጦና ፎቶ ተነሥቶ እ.ኤ.አ. በ1994፣ የአንዲት ሴት ደግሞ በ0.33 ሚሊሜትር ልዩነት በ1995 ይፋ ሆኗል። ከሲቲና ከኤምአርአይ ምስሎች ጋር አብሮ ስለቀረበ ያንኑ አካል በቁራጩም በጥላውም ማየት ይቻላል።

አልትራሳውንድ ካላችሁ ሌላው ሁሉ የማያሳየውን ያሳያል፤ እንቅስቃሴን። አስክሬን አይተነፍስም፤ ሳንባው ተኮማትሯል። በሕያው ሰው ግን ኩላሊት ከትንፋሽ ጋር ወደ ታች ወርዶ ሲመለስ ተማሪው በዓይኑ ያያል። ጨረር ስለሌለው ፈቃደኛ ተማሪዎች እርስ በርስ ሊለማመዱበት ይችላሉ። ማንም ገላውን እንዲገልጥ አይገደድ፤ ሴቶች ከሴቶች ጋር ይሁኑ። ድንገት ያልተጠበቀ ነገር ከታየ ለማን፣ በምስጢር፣ በማን በኩል እንደሚነገር አስቀድማችሁ ወስኑ። ከሆስፒታል የምትወስዱት የድሮ የራጅ ፊልምም ስምና የካርድ ቁጥር አይኑርበት።

ባልደረባዎን በአንድ ነገር እቃወመዋለሁ። ምስል እጅን አያስተምርም። ነርቭ ሲጎተት ያለውን ጥንካሬ፣ የደም ቧንቧ ከሰው ሰው መንገዱን እንዴት እንደሚለውጥ፣ ስስ ሽፋን ከሥሩ ካለው ሥጋ እንዴት እንደሚላቀቅ የሚያስተምረው አስክሬን ነው። ጥልቀትን በእጁ ያልለመደ ተማሪ ግራጫ ጥላዎችን ይሸመድዳል እንጂ ከጥላው ጀርባ አካል አይታየውም። አስክሬኑ ጥቂት ከሆነ መምህራን አስቀድመው ፈትተው ያዘጋጁትና ተማሪው በትንንሽ ቡድን እየገባ ያጥና፤ ተራ የሚጠብቀው ቡድን ፊልም ያንብብ።

በመጨረሻም ፈተናውን ይለውጡ። በምስል የማይፈተን ተማሪ ምስል አያጠናም። በሚቀጥለው የተግባር ፈተና ከአስክሬኑ ጎን የደረት ራጅና የሆድ ሲቲ ስካን ያስቀምጡ። በአቅራቢያችሁ ካለ ሆስፒታል አንድ ራዲዮሎጂስት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ መጥቶ አብሮዎት እንዲያስተምር ይጠይቁ፤ አብዛኞቻችን ራዲዮሎጂስቶች ስንጠየቅ ደስ ይለናል።