ዋንካቬሊካ፣ የባዜቃ ከተማ

ታሪክ የተማረ ሰው ሁሉ ስለ ፖቶሲ የብር ተራራ ሰምቷል። ያ ብር ከድንጋዩ ተለይቶ እንዲወጣ የረዳችው ግን ዋንካቬሊካ የምትባል ትንሽ የደጋ ከተማ መሆኗን የሚያውቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ስለዚህች ከተማ ለአንባብያን በአጭሩ ለማስረዳት አሰብኩ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋንካቬሊካ በፔሩ አገር፣ በአንዲስ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ወለል ከ3,600 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ትገኛለች፤ ይኸውም አዲስ አበባን ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ትበልጣለች ማለት ነው። በአጠገቧ ባለው ተራራ ቀይ ድንጋይ አለ። የአገሩ ተወላጆች ይህን ድንጋይ እየፈጩ ለቀለም ይጠቀሙበት ነበር። ስፔናውያን በ1560ዎቹ ከድንጋዩ ባዜቃ፣ ማለት ሜርኩሪ፣ እንደሚወጣ ተረዱና በ1571 ዓ.ም. በእንደራሴው በፍራንሲስኮ ዴ ቶሌዶ ዘመን ከተማዋ ተቆረቆረች።

ባዜቃ ለምን ይህን ያህል ተፈለገ? የብሩ ድንጋይ ተወቅጦ ከጨውና ከባዜቃ ጋር ሲለወስ ባዜቃው ብሩን ይይዘዋል፤ በኋላም በእሳት ሲሞቅ ባዜቃው ይተንና ብሩ ብቻውን ይቀራል። ይህ ዘዴ በ1572 ዓ.ም. ፖቶሲ ገባ። የስፔን ዘውድም የባዜቃን ንግድ ለራሱ ብቻ አደረገ፤ ባዜቃ የገዛ ሰው ምን ያህል ብር እንደሚያወጣ ስለሚገመት ግብሩን ለመቆጣጠር አመቸው። ለገንዘብ ቤቱ በእውነት ብልህ አሠራር ነበር። ባዜቃው በአቁማዳ ተደርጎ በላማና በበቅሎ ወደ ባሕር ይወርዳል፤ ከዚያም በመርከብ ተጉዞ እንደገና ተራራ ይወጣል።

ዋጋውን የከፈሉት የአገሩ ተወላጆች ናቸው። ሚታ በሚባል የጉልበት ግብር ከየመንደሩ በተራ እየተወሰዱ በሳንታ ባርባራ ማዕድን ይቆፍሩ ነበር። ከውስጥ አቧራው ሳንባቸውን ይጎዳ ነበር፤ ከውጭ ደግሞ ድንጋዩ ኢቹ በሚባል፣ ጓሳ በሚመስል ሣር ሲቃጠል የሚወጣው ትነት ሰውነታቸውን ያንቀጠቅጥ ነበር። በ1786 ዓ.ም. ጣሪያውን ደግፈው እንዲቆሙ የተተዉት የድንጋይ ምሰሶዎች ባዜቃ አለባቸው ተብለው በመፈልፈላቸው ማዕድኑ ተደርምሶ ከመቶ የሚበልጡ ሠራተኞች አለቁ። ምሰሶውን የሚፈለፍል ሰው ምን እያሰበ እንደነበረ እኔ ሊገባኝ አልቻለም።

ማዕድኑ ካሽቆለቆለ በኋላ ከተማዋ ተረሳች። በ1926 ዓ.ም. ከዋንካዮ የባቡር ሐዲድ ገባላት፤ ማዕድኑ ግን በ1970ዎቹ ፈጽሞ ተዘጋ። ዛሬ የአካባቢው ሕዝብ ልዩ ልዩ ዓይነት ድንችና ገብስ ያመርታል፤ አልፓካና በግ አርብቶ ጠጉራቸውን ይሸጣል። ይሁን እንጂ አውራጃው ከፔሩ ድሆች አውራጃዎች አንዱ ነው።

ብሩ ወደ ስፔን ሲሄድ ባዜቃው ግን በአፈሩ ውስጥ ቀረ። ሕዝቡ ከዚያው አፈር ጡብ እየሠራ ቤቱን ያንጻል። በዚህ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ተመራማሪዎች ግድግዳውንና ወለሉን መርምረው ባዜቃ አግኝተውበታል፤ የቤቱም አየር ትነቱን ይይዛል። ግድግዳውን በምርጊት መሸፈንና ወለሉን በሲሚንቶ መድፈን ትነቱን ይቀንሰዋል፤ ነገር ግን ድንች ሸጦ ለሚኖር ቤተ ሰብ ሲሚንቶ ውድ ነው።