ሆስፒታሉ ሲመጣ ወደቡ ማን ነው?

መተማ ባሕር የላትም። ሆኖም በጦርነትና በመቅሠፍት ጊዜ የሚሰማሩት የባሕር ኃይል ሆስፒታል መርከቦች ታሪክ ለቆላው አጥቢያዎቻችን የሚሆን ትምህርት ስላለው በዚህ እትም ልናቀርበው ወደድን።

ሆስፒታል መርከብ የቀዶ ሕክምና ክፍልና የሕሙማን አልጋዎች ይዞ ወደ ተጎዳው ሕዝብ የሚጓዝ ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 በጸደቀው ሁለተኛው የጄኔቫ ስምምነት መሠረት አካሉ ነጭ ቀለም ይቀባል፤ ቀይ መስቀል ይደረግበታል፤ ለውጊያ አይውልም፤ ቁስለኛውንም በዜግነቱ ሳይለይ ይረዳል። በአንጻሩም እንዳይመታ ሕግ ይጠብቀዋል። ምልክት ብቻውን ግን ጋሻ እንደማይሆን አገራችን ታውቃለች። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የሰፈረው የስዊድን ቀይ መስቀል የሕክምና ቡድን በፋሽስት ኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደብድቦ ቁስለኞች በተኙበት አልቀዋል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከብ «ኮምፎርት» እስከ 1,000 አልጋ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ በርዕደ መሬት በተመታች በስምንተኛው ቀን ደረሰ። ወደቡ ተጎድቶ ስለ ነበር ሕሙማኑ በሄሊኮፕተርና በጀልባ እየተመላለሱ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀዶ ሕክምናዎች ተደረጉ። ያው መርከብ እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ወደ ኒው ዮርክ ሲላክ ግን የረዳቸው ሕሙማን 200 እንኳ አልሞሉም። በመጀመሪያ የኮሮና ሕሙማንን እንዳይቀበል ተወስኖ ነበርና፤ የቅበላው ሥርዓትም አስቸጋሪ ነበር። አልጋው ያው ነው፤ የተለየው ሕሙሙን ወደ አልጋው የሚያደርሰው መንገድ ነው።

ይህን ወደ ቆላችን እናምጣው። የሱዳን ጦርነት ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ ዋዜማ፣ ሲጀመር ስደተኞችና ተመላሽ ወገኖቻችን በገላባት በኩል ወደ መተማ ዮሐንስ ጎረፉ። በዚያው ክረምት በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል ስፍራ፣ በኩመርም የስደተኞች መጠለያ ኮሌራ ገባ። የሕክምና ድንኳን ከሩቅ ሊመጣ ይችላል፤ ኮሌራ ግን ያልታከመውን ሰው በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። በነዚያ ሰዓታት ከሕሙሙ አጠገብ የሚገኘው ጎረቤቱና አጥቢያው ነው።

ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማረፊያ አደረሰው፤ ለሚጠብቀውም ወጪውን ከፈለ። ርኅራኄው ተሸካሚ፣ መንገድና ተቀባይ ነበረው። አጥቢያም እንዲሁ ወደብ ሊሆን ይገባዋል። ስለዚህ የሚከተሉትን እንመክራለን፦

1. ሰበካ ጉባኤው ቃሬዛ ያዘጋጅ፤ ባለ መኪናና ባለ ባጃጅ ምእመናንን ይመዝግብ፤ በክረምት የሚቆረጠውን መንገድና ተለዋጩን አስቀድሞ ይወቅ።

2. ለሚያስቀምጠው ሰው ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው። ከሌለ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ ሳይቆለል የተለካ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ማጠጣት ነው። ይህም ወደ ጤና ጣቢያ እየተወሰደ ይደረግ እንጂ ጉዞውን አያዘግይ።

3. በጠበል ስፍራ መጸዳጃ ቤትና የእጅ መታጠቢያ ይዘጋጅ። ካህናትም ሕሙማን በጠበል ሲጸበሉ የታዘዘላቸውን መድኃኒት እንዳያቋርጡ ያስተምሩ።

4. ለሰሊጥና ለጥጥ ሥራ የመጣ የቀን ሠራተኛ ትኩሳቱ ከ2 ሳምንት ካለፈና ሆዱ ካበጠ፣ ካላዛር ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይላክ።

5. የወደቀውን ሰው ከማንሣታችን በፊት ሃይማኖቱንና አገሩን አንጠይቅ። መርከበኛን ሕግ የሚያስገድደውን እኛን ወንጌል ያዘናልና።

ለውይይት፦ ዛሬ ሌሊት በአጥቢያችን አንድ እንግዳ ታሞ ቢወድቅ ማን ይሸከመዋል? በየትኛው መንገድ? ወደ የትኛው ጤና ጣቢያ? መልሱ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፤ ኃላፊነቱም በስም ይከፋፈል።