የ20 ዶላሯ ቦክስ ትበቃለች?

አዲስ አበባ ጣሪያ ላይ ዲሹ ሁሉ የዞረለት የኢትዮሳት ሳተላይት የቆመው 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከዋሽንግተንም ሆነ ከሲያትል ሲፈለግ ከአድማስ በታች ስለሆነ ዲሽ ቢተክሉም አያገኙትም። አሜሪካ ሆኖ የአገር ቤት ፕሮግራም ማየት ለሚፈልግ የቀረው መንገድ ኢንተርኔት ነው፤ እሱም ቢሆን በተግባር ዩቲዩብ ማለት ነው። የኢቢኤስ የሳምንት መጨረሻ ፕሮግራም፣ የፋና ዜና፣ ስብከቱ፣ መዝሙሩ፣ ነሺዳው፣ ድራማው እዚያው አለ። ቴሌቪዥንዎ ያረጀ ወይም አፖቹ የተንቀራፈፉ ከሆነ አዲስ መግዛት አያስፈልግም። ጀርባው ላይ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው ከ20 እስከ 40 ዶላር የምትሸጥ ስቲክ ወይም ትንሽ ቦክስ ሥራውን ትሠራለች።

ከታወቁት መካከል ዋልማርት «ኦን» በሚለው የራሱ ስም እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣት የጉግል ቲቪ 4ኬ ቦክስ ከሁሉም ረክሳ 19.88 ዶላር ነበር የተሸጠችው። ሮኩ በ2025 ያወጣት ስቲክ 29.99፣ 4ኬ የምታሳየው ፕላስ ደግሞ 39.99 ዶላር ተብለው ነው ገበያ የገቡት። የአማዞን ፋየር ቲቪ ስቲክ ኤችዲ በ34.99 ወጣች። እነዚህ ዋጋዎች ቋሚ አይደሉም፤ በታንክስጊቪንግ ሰሞን በደንብ ይወርዳሉ፤ ካልቸኮሉ ይጠብቁ።

የእኔ ምርጫ፣ ቤቱ የዩቲዩብ ቤት ከሆነ፣ ያቺ ርካሿ ናት። የማስታወሻ ቦታዋ 8 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ ከዚያም ሲስተሙ ራሱ ብዙውን ይይዛል። አፕ በላይ በላይ የሚጭን ሰው ቶሎ ይሞላባታል። ዩቲዩብ፣ ኔትፍሊክስና ሌላ አንድ ሁለት አፕ ለሚበቃው ግን ችግር የለም። ቴሌቪዥኑን የሚጠቀሙት ከአገር ቤት የመጡ እናትዎ ከሆኑ ሮኩ ይሻላል። ሪሞቱ ላይ ያሉት ቁልፎች ጥቂት ናቸው፣ ገጹም ብዙ አይለዋወጥም። ፋየር ስቲክ ፈጣን ብትሆንም ገና ሲከፍቷት የሚቀበልዎት ማስታወቂያ ነው፤ እኔን ያሰለቸኛል።

ሻጩ የማይነግርዎት ስለ አማርኛ ፍለጋ ነው። በሪሞት አንድ አንድ ፊደል እየለቀሙ የድራማ ስም መጻፍ ያደክማል፤ በላቲን ፊደል ሲጽፉትም ያሰቡት ላይመጣ ይችላል። መፍትሔው ስልክዎ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለውን ዩቲዩብ ከስልክዎ ዩቲዩብ ጋር ያገናኙት፤ ሁለቱ አንድ ዋይፋይ ላይ ከሆኑ በራሱ ይገናኛል፣ ካልሆነም ቴሌቪዥኑ የሚሰጠውን ቁጥር ስልኩ ላይ ያስገባሉ። ከዚያ በስልክዎ ኪቦርድ በግዕዝ ፊደል ጽፈው ያገኙትን ወደ ቴሌቪዥኑ ይልካሉ። ይህ በሮኩም፣ በፋየርም፣ በጉግልም ይሠራል። ስለዚህ «አማርኛ ያለው ቦክስ ነው» ብሎ ተጨማሪ ዋጋ የሚጠይቅ ሰው ሲያጋጥምዎት ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

ይህን የሚልዎት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጠው ሌላ ዓይነት ቦክስ ነው። በሱቅ፣ በቴሌግራም፣ በሰው በሰው፣ «አንዴ ከከፈልክ ዕድሜ ልክህን ኳሱንም ፊልሙንም ታያለህ» ተብላ የምትሸጥ ስም የለሽ የአንድሮይድ ቦክስ አለች። ዋጋዋ ብዙ ጊዜ ከታወቁት ይበልጣል። የምታሳየው ከባለመብቶቹ የተሰረቀ ሥርጭት ስለሆነ አንድ ቀን በድንገት ይጠፋል፤ ገንዘብ መላሽም የለም። የባሰው ግን ውስጧ ያለው ነው። በ2023 መጀመሪያ ቲ95 የምትባል እንዲህ ያለች ቦክስ ከነማልዌሯ እንደምትሸጥ አንድ ባለሙያ ገዝቶ ፈትሾ አሳየ። በጁን 2025 ኤፍቢአይ እንዲህ ያሉ ቦክሶችን ስለሚበክለው «ባድቦክስ 2.0» ስለተባለው ሰፊ ጥቃት ሕዝቡን አስጠነቀቀ። በሚቀጥለው ወር ጉግል ከ10 ሚሊዮን በላይ መሣሪያዎች መበከላቸውን ገልጾ ክስ መሠረተ።

የተበከለች ቦክስ ኳሱን እያሳየችዎት በጎን የቤትዎን የኢንተርኔት አድራሻ ለማያውቁት ሰው ታከራያለች። ያ ሰው የተሰረቀ አካውንት ሲሞክርም ሆነ ሲያጭበረብር፣ ዱካው የሚመራው ወደ እርስዎ ቤት ነው። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ ገና ያልተቋጨ ሰው ስሙ እንዲህ ባለ ነገር እንዲነሳ የሚፈልግ አይመስለኝም። ምልክቶቿ አይደበቁም፦ ስሟን ሰምተው አያውቁም፤ ስትከፈት የጉግልን ጥበቃ፣ ፕሌይ ፕሮቴክትን፣ አጥፉ ትላለች፤ አፕ የምታስጭነው ከራሷ መደብር ነው። ካርቶኗ ላይ 8ኬ ተጽፎባት ኔትፍሊክስ ሲከፈት ደብዝዞ የሚታይባት ጊዜም አለ፤ ኔትፍሊክስ ጥራት ያለውን ምስል የሚሰጠው ላረጋገጣቸው መሣሪያዎች ብቻ ነውና። እንዲህ ያለችው አሁን ቤትዎ ካለች ከዋይፋዩ ይንቀሏት፤ በእሷ ላይ የከፈቷቸውን አካውንቶች የይለፍ ቃልም ይቀይሩ።

ቪዲዮው እየቆመ ካስቸገረዎት ቦክሷን ከመውቀስዎ በፊት ራውተሩ የት እንዳለ ይዩ። ቤዝመንት ተከራይቶ ዋይፋዩን ከላይ ካለው አከራይ የሚጋራ ሰው 100 ዶላር አውጥቶ የተሻለ ቢገዛም ለውጥ አያይም። ኔትፍሊክስ ለሙሉ ኤችዲ በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ለ4ኬ 15 ይበቃል ይላል። ራውተሩ ሁለት የዋይፋይ ስም ካለው 2.4 የሚለው ፎቅና ግድግዳ ይሻገራል፤ 5 የሚለው ቅርብ ሲሆኑ ይፈጥናል። ስቲኳ በራሷ እየጠፋች የምትበራ ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የኤሌክትሪክ ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ነቅለው ከዕቃው ጋር የመጣውን ቻርጀር ግድግዳው ላይ ይሰኩት።

አዲስ ገቢዎች የሚጭበረበሩበት አንድ ቦታ አለ። ሮኩን ሲያስጀምሩ የሚገቡበትን አድራሻ ጉግል ላይ ሲፈልጉ የውሸት ድረ ገጽ ይወጣና «ለማስጀመሪያ 100 ዶላር ይክፈሉ» የሚል ስልክ ቁጥር ይሰጥዎታል። ሮኩ ለማስጀመር ምንም አያስከፍልም። ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየውን አድራሻ ፊደል በፊደል ይጻፉ እንጂ አይፈልጉት።

ያገለገለ መግዛት አይከፋም፤ ግን ክሮምካስት ሲያዩ ቆም ይበሉ። ጉግል በ2024 ማምረቱን አቁሟል። በማርች 2025 ደግሞ ሁለተኛው ትውልድ ውስጡ ያለ የደኅንነት ሰርተፍኬት ጊዜው አልፎ ለቀናት ሥራ አቁሞ ነበር። በ10 ዶላር ካገኙት መሞከር ነው፤ ከዚያ በላይ አይክፈሉ። የራስዎን አሮጌ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ «ኢንፑት» በሚለው ጎን ከ100 እስከ 240 ቮልት መጻፉን ያረጋግጡ፤ ለባለ ሁለት ክብ ቀዳዳው ሶኬት የሚሆን ማቀያየሪያም አብረው ይላኩ። ሻንጣ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ ከማስተካከያው ገብተው ሙሉ በሙሉ ያጽዱት፤ አለበለዚያ የወንድምዎ ልጆች ፊልም የሚከራዩት በእርስዎ ካርድ ነው።