የእሽቅድምድም ድሮን ሞተርና ፕሮፔለር እንዴት ይጣጣማሉ?

ብዙዎቹ ጓደኞቼ ለእሽቅድምድም ድሮን ሞተር ሲመርጡ አስቀድመው የሚመለከቱት የኬቪውን ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ በበለጠ መጠን ድሮኑም የሚፈጥን ይመስላቸዋል። ሞተሩን የሚገዙልን ወላጆቻችን ናቸውና ነገሩን በሒሳብ ብንመረምረው ይሻላል።

ኬቪ ማለት ሞተሩ ምንም ሳይሸከም ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ የሚዞረው የዙር ብዛት ነው። 1,750 ኬቪ የሆነ ሞተር ባለ ስድስት ሴል ከሆነና እስከ 25.2 ቮልት ከተሞላ ባትሪ ጋር ቢያያዝ በደቂቃ 44,100 ጊዜ ይዞራል። ይህ ግን ባዶውን ነው። በቅሎ ያለ ጭነት ስትሮጥ ያየ ሰው ተጭናም ዳገቱን እንደዚያው ትወጣዋለች ብሎ አይገምትም።

ሸክሙ ፕሮፔለሩ ነው። ፕሮፔለር ብሎን እንጨት ውስጥ እንደሚገባ አየሩን እየበሳ ይሄዳል፤ በአንድ ዙር ሊሄድ የሚገባውን ርቀት እርምጃ እንበለው። እርምጃው 4.3 ኢንች የሆነ ፕሮፔለር በደቂቃ 30,000 ጊዜ ቢዞር በሰዓት 197 ኪሎሜትር ያህል ይሆናል፤ በተግባር የአየሩ መቋቋም ይቀንሰዋል እንጂ። ታዲያ እርምጃውን 5 ኢንች ብናደርገው አይፈጥንምን? ሞተሩ ዙሩን ካልቀነሰ አዎን ይፈጥናል። ሸክሙ ከብዶት ወደ 25,000 ዙር ቢወርድ ግን የሚገኘው 190 ብቻ ነው፤ ፕሮፔለሩ አደገ፥ ፍጥነቱ ግን አነሰ ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው ሙቀቱ ነው። ሞተር ሲዞር እንደ ዲናሞ ሆኖ የባትሪውን ቮልት የሚቃወም ሌላ ቮልት ያመነጫል። ዙሩ ሲቀንስ ተቃዋሚው ቮልት ይደክማል፤ ስለዚህ ብዙ አምፔር ይገባል። አምፔሩ እጥፍ ሲሆን በመዳቡ ሽቦ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ነው፤ የሽቦው ልባስ የሚቃጠለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ባለ አራት ሴል ባትሪ በ16.8 ቮልት 2,600 ኬቪ ሞተርን 43,680 ጊዜ ያዞረዋል፤ ከፊተኛው ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። ነገር ግን ያንኑ ኀይል ለመስጠት ብዙ አምፔር ስለሚያስፈልገው በሽቦና በባትሪ ውስጥ የሚባክነው ይበልጣል። እኔ ስድስቱን ሴልና ዝቅተኛውን ኬቪ የምመርጠው ስለዚህ ነው።

አዲስ ፕሮፔለር ስትሞክሩ አንድ ደቂቃ ብቻ አብርሩና አሳርፉ፤ ባትሪውን ከነቀላችሁ በኋላ ሞተሩን በጣት ንኩት። ጣት የማያስቆይ ከሆነ እርምጃው አነስ ያለውን ፕሮፔለር ግጠሙለት።